ጎንደር ላይ የሚደበቅ ቀዳዳ፦ የባለ ሁለት ምት ሞተር የአየር ጠርሙስ ሲበላሽ አፈላለጉና አጠጋገኑ

የሞተራችሁን ሰልባትዮ (የቤንዚን ታንከር) አንሡና ካርቡራተሩ ከሲሊንደሩ ጋር የሚገናኝበትን ጎማ ተመልከቱ። ከጎማው ጎን የጣት ውፍረት ያለው ቱቦ ወጥቶ ወደ አንዲት ትንሽ ጥቁር የፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሄድ ከሆነ ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእናንተ ነው። ጠርሙሷ ውስጥ ማጣሪያ የለም፣ ዘይት አይቀመጥባትም፣ የሚዞር ነገር የላትም። ባዶ ስለሆነች ብዙ ሰው ይንቃታል። እኔም ንቄያት ነበር፤ ዋጋዬን ያገኘሁት ከነጋዴ ባሕር አልፌ ቁልቁል ወደ ገንደ ውሃ ስወርድ ነው።

መጀመሪያ ሥራዋን እንወቅ፤ ሥራዋን ያላወቀ ሰው ብልሽቷን አያገኝም።

ያማሃ ይህን አሠራር ባለ ሁለት ምት ሞተሮቹ ላይ ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው፤ ስሙንም ዋይ.ኢ.አይ.ኤስ (ያማሃ ኢነርጂ ኢንዳክሽን ሲስተም) ይለዋል። በሁሉም ሞተር ላይ አይገኝም። አንዳንድ ልጆች "ቱርቦ ነው" ሲሉ እሰማለሁ፤ አይደለም። ቱርቦ ማለት ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲኤክስ 500 ላይ እንዳደረገው በጭሱ ኃይል እየዞረ አየር የሚያምቅ መሣሪያ ነው። የእኛዋ ጠርሙስ አየር አታምቅም፤ አየር ታስጠብቃለች።

በባለ ሁለት ምት ሞተር መግቢያ ላይ ሪድ ቫልቭ የሚባሉ ስስ ምላሶች አሉ። በእያንዳንዱ ዙር ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ከካርቡራተሩ እየገሰገሰ የነበረው አየርና ቤንዚን በሩ ሲዘጋበት መሄጃ ያጣል፣ ይጋፋል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። በጥምቀት ዕለት የፋሲለደስ መዋኛ በር ላይ የቆመ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፦ ፊት ያለው ሲቆም ኋላ ያለው መግፋቱን አይተውም። በሩ አጠገብ ገባ ብለው የሚቆሙበት ግቢ ቢኖር ግን ግፊያው ይበርድ ነበር። ጠርሙሷ ያቺ ግቢ ናት። ምላሱ ሲዘጋ ድብልቁን ትቀበላለች፣ ሲከፈት መልሳ ትሰጣለች። በዚህ ምክንያት በካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ፍሰት አይቆራረጥም፤ በተለይ ከታች፣ በዝቅተኛ ዙር፣ ሞተሩ ለስለስ ብሎ ይጎትታል።

አደጋው ያለው ቦታዋ ላይ ነው። ጠርሙሷና ቱቦዋ ከካርቡራተሩ በኋላ ናቸው። በዚያ በኩል የሚገባ አየር ቤንዚን አልያዘም፣ በፊልትሮም አላለፈም። ቀዳዳ ካለ ድብልቁ ቤንዚን ያንሰዋል፣ የሲሊንደሩ ሙቀት ይጨምራል፣ በመጨረሻም ፒስተኑ ይነክሳል፤ በሙቀት አብጦ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል።

ጎንደር ለምን ታታልላለች?

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ከፋብሪካ ለዝቅተኛ ቦታ በወጣ ጂግለር (በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚለካው ቀዳዳ ያለው ብሎን) የሚሠራ ሞተር እዚህ ሲመጣ አየር ያንሰዋል፣ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው (እሳት ሰጪው) ይጠቁራል። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ ጠርሙሷ ትንሽ ብትሰነጠቅ፣ የሚገባው ትርፍ አየር የበዛውን ቤንዚን ያካክሰዋል። ሞተሩ የተሻሻለ ይመስላል። ካንዴላው እንኳ ቡናማ ይሆናል።

የእኔ እንዲህ ነበር። ቱቦው አንድ ጋራዥ ውስጥ በሽቦ ታስሮልኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ፒያሳና አዘዞ ስመላለስ ሞተሩ ከበፊቱ ይልቅ ቀሎኝ ነበር። ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛው ዙር) ትንሽ ከፍ ማለቱን አይቻለሁ፤ በካቻቢቴ ዝቅ አደረግኩትና ረሳሁት። ለሥራ ወደ መተማ መንገድ ስወጣ እስከ አይከል ምንም አላለም። ከነጋዴ ባሕር በኋላ አየሩ እየወፈረ፣ ሙቀቱ እየጨመረ፣ መንገዱ ቁልቁል እየሆነ መጣ። ከሞተሩ እንደ ሳንቲም የሚንቃጨል ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው የኋላ ጎማው ቆመ። ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) በደመ ነፍስ ስለያዝኩ አልወደቅኩም።

ሞተሩን በአይሱዙ ጭኜ ተመለስኩ። የከፈቱልኝ ሽማግሌ መካኒክ ፒስተኑን በጨርቅ ጠርገው በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) በኩል ያለውን ጎን አሳዩኝ፤ ከላይ እስከ ታች ተቧጭሯል፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) በቦታው ተጣብቋል። "ልጄ፣ ዘይት አንሶት ይመስልሃል?" አሉኝ። "አዎ ጋሼ" አልኳቸው። አልመለሱልኝም። የጠርሙሷን ቱቦ በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ላይ አጠፉት። በሽቦው ሥር፣ ከታች በኩል፣ ጥፍር የምታስገባ ስንጥቅ አፏን ከፈተች። ቱቦው ሲለቀቅ ተመልሳ ተዘጋች፤ ከላይ ሆኖ የሚያያት ሰው የለም።

ምልክቶቹ

ቁልፉ ምልክት ሚኒሞ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ዙሩ በራሱ ከፍ ይላል፤ ነዳጅ ሰጥታችሁ ስትለቁ ቶሎ አይወርድም፣ ከላይ ተንጠልጥሎ ይቆይና ቀስ ብሎ ይመለሳል። ምክንያቱም ነዳጅ ስትለቁ ካርቡራተሩ ይዘጋል፣ ከኋላው ያለው መሳብ ይበረታል፣ ቀዳዳው ብዙ አየር የሚስበውም ያኔ ነው። ሙሉ ነዳጅ ሲሰጥ ግን ያው ቀዳዳ ከሚገባው አየር ሁሉ አንጻር ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ሽቅብ ደህና የሚጎትት ሞተር ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ሌሎቹ፦ ጠዋት ማስነሳት ያስቸግራል፤ በትንሽ ነዳጅ ቀጥ ባለ መንገድ ስትሄዱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንገጫገጫል፤ ቁልቁል ላይ ማርሚታው ይተኩሳል፤ ካንዴላው ነጣ ይላል።

ከመክፈታችሁ በፊት የሚያዝ

ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ የእጅ ባትሪ፣ ውሃ የያዘ ሳፋ፣ መርፌው የወጣለት የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ሁለት አዲስ ፋሸታ (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት)፣ የጠርሙሷ ቱቦ ከመግቢያው ጎማ ጋር በሚገናኝበት ማያያዣ ላይ በልኩ የሚጠልቅ አጭር የቤንዚን ቱቦ፣ ቱቦውን የሚደፍን ወፍራም ብሎን። ደጅ ሥሩ። ቤት ውስጥ ቡና እየተፈላ ሰልባትዮ አይነሣም፤ የቤንዚን ትነት በመሬት ተንፏቆ ከሰል ጋር ይደርሳል።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ልመዱ። ሞተሩ በፈተና መካከል ዙሩን ለቅቆ ቢጮህ ቁልፉን አጥፉ። በቁልፍ ካልጠፋ ማርሽ አስገቡ፣ የኋላውን ፍሬን ጥብቅ አድርጋችሁ ፍሪሲዮኑን ልቀቁት፤ ታፍኖ ይጠፋል። በጨርቅ አየሩን ለመዝጋት አትሞክሩ፣ ጨርቁን ይስበዋል።

1. ቀላሉን አስወግዱ

ነዳጅ ስትቸገሩ በሃይላንድ የተሸጠ ቤንዚን ቀድታችሁ ከሆነ ከካርቡራተሩ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ፈታ አድርጋችሁ በብርጭቆ ተቀበሉ። ውሃ ካለበት ከታች እንደ ዶቃ ይንከባለላል። ውሃ የገባበት ቤንዚን አንዳንዱን የቀዳዳ ምልክት ያሳያል፤ ስንት ሰው በዚህ ምክንያት ደህና ጠርሙስ ጥሏል። ፊልትሮውንም እዩ፤ አቧራ የደፈነው ፊልትሮ ግን በተቃራኒው ካንዴላ ያጠቁራል።

2. ቾክ ይንገራችሁ

ሞተሩ በደንብ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ ቾኩን (ለማስነሳት ቤንዚኑን የሚያበዛውን) ትንሽ ሳቡ። ዙሩ ከተስተካከለና ሞተሩ ከተረጋጋ ቤንዚን አንሶት ነበር ማለት ነው፤ ወደሚቀጥለው እለፉ። ወዲያው ከታፈነና ሊጠፋ ከሞከረ ግን ቤንዚን በዝቶበታል፤ ችግሩ ከፍታው፣ ጂግለሩ ወይም ፊልትሮው ነው እንጂ ጠርሙሷ አይደለችም። በጎንደር ብዙውን ጊዜ የምታገኙት ይህን ሁለተኛውን ነው። ከላይ እንዳልኩት ግን ትንሽ ስንጥቅ ከበዛ ቤንዚን ጋር ተደባልቆ ቾኩን ሊያሳስት ይችላል፤ ሚኒሞው የሚንጠለጠል ከሆነ ቾኩ ምንም ቢል ደረጃ 4ን ሳትሠሩ አትለፉ።

3. በዓይንና በጣት

ሞተሩን አጥፍታችሁ አቀዝቅዙ። በእጅ ባትሪ እያያችሁ ቱቦውን ሁለቱም ጫፍ ላይ አጥፉት፣ ጠምዝዙት፣ ወደ ላይ ግፉት። ስንጥቅ ደጋግሞ የሚገኘው ከፋሸታው ጠርዝ ሥር፣ ወደ መሬት በሚያየው ጎን ነው። የባለ ሁለት ምት ሞተር ድብልቅ ዘይት ስላለበት ቀዳዳ ያለበት ቦታ ወዝ ይኖረዋል፤ የደምቢያ መንገድ አቧራም እዚያው ላይ ይለጠፋል። ንጹሕ ቱቦ ላይ አንድ ቦታ ብቻ እንደ ጭቃ የጠቆረ ካያችሁ እዚያ ፈልጉ።

ሽቦ ካያችሁ ፍቱት። ሽቦ ቱቦውን በአንድ መስመር ይቆርጠዋል እንጂ ዙሪያውን አያጠብቅም።

4. ደፍኖ መፈተሽ

ጊዜ ያጣ ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ ይህን ይሥራ። ቱቦውን ከመግቢያው ጎማ ላይ ንቀሉ። በቀረው ማያያዣ ላይ ያዘጋጃችሁትን አጭር ቱቦ አጥልቁ፣ ሌላኛውን ጫፉን በብሎን ድፈኑ፣ ሁለቱንም በፋሸታ አጥብቁ። ሞተሩን አስነሱ፣ አሙቁ፣ ነዳጅ ሰጥታችሁ ልቀቁ።

ዙሩ አሁን ቶሎ ከወረደና ሚኒሞው ከረጋ ብልሽቱ በእጃችሁ ባለው ቱቦ ወይም ጠርሙስ ላይ ነው። ምንም ካልተለወጠ ጠርሙሷ ንጹሕ ናት፤ ወደ 6 ሂዱ።

ሞተሩ ያለ ጠርሙሷ፣ ማያያዣው በደንብ እስከተደፈነ ድረስ፣ ያለ አደጋ ይሠራል። ከታች የነበረው መጎተት ትንሽ ይቀንሳል፣ ሌላ ጉዳት የለውም። መንገድ ላይ ቢሰነጠቅባችሁ ደፍናችሁ ወደ ቤት ግቡ። ክፍት ትታችሁ ግን አንድ ኪሎ ሜትርም አትሂዱ።

የከመነዳሪ ቁራጭ ጠቅልሎ በላስቲክ ማሰር ለዚህ ፈተና ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አይቆይም። ከመነዳሪ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በቀናት ውስጥ ይላቀቃል።

5. በሳፋ ውሃ

ጠርሙሷንና ቱቦውን አንድ ላይ አውጡ። የነዳጁን ሽታ በውሃ አጥቡ፣ አንጠባጥቡ። ውሃ ውስጥ ዝፈቋቸውና በቱቦው ጫፍ በአፋችሁ ንፉ፤ በብስክሌት መንፊያ ከሆነ ቀስ ብላችሁ፣ ምክንያቱም ጠርሙሷ ለብዙ ግፊት አልተሠራችም። ውሃ ውስጥ እንዳለች ቱቦውን አጥፉት፣ የጠርሙሷን የስፌት መስመር በአውራ ጣት ተጫኑ። ቀጥ ብሎ የማይተነፍስ ስንጥቅ ሲታጠፍ ይተነፍሳል። የእኔ ቱቦ ሳይታጠፍ አንዲት አረፋ አልወጣችውም፤ ሲታጠፍ ግን እንደ ሚሪንዳ ተንተከተከ።

ቱቦው ከሆነ የተበላሸው በቤንዚን የማይጎዳ፣ የውስጥ ስፋቱም ርዝመቱም ከበፊቱ እኩል የሆነ አዲስ ቱቦ ግዙ። ርዝመት ስል በከንቱ አይደለም፤ የጠርሙሷ ይዘትና የቱቦው ርዝመት ተለክተው የተሠሩ ናቸው፣ ቱቦው ሲረዝም ወይም ሲያጥር የምታግዝበት ዙር ይለወጣል። ጠርሙሷ ከሆነች ማስቲሽም ሱፐር ግሉም አይዟትም፤ ፕላስቲኳ ማጣበቂያ አትቀበልም። የመኪና መከላከያና ጀሪካን በጋለ ብረት የሚበይዱ ሰዎች በዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ሊበይዷት ይችላሉ፤ ሲመለስላችሁ በሳፋ ውሃ እንደገና ፈትሿት። በእሷ ፋንታ ሃይላንድ የገጠመም አይቻለሁ። ስስ ፕላስቲክ መሳብ ሲበረታበት ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል፣ የሸሻችሁትን ቀዳዳ መልሶ ያመጣላችኋል። ምትክ እስክታገኙ ደፍናችሁ ንዱ።

6. የመግቢያው ጎማ

ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በሲሪንጅ ውሃ ጠብ ጠብ አድርጉ፦ መጀመሪያ ካርቡራተሩ ጎማው ውስጥ በገባበት ዙሪያ፣ ከዚያ የጎማው ሆድ ላይ፣ ከዚያ ጎማው በብሎን በታሰረበት ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ጠርዝ። በየቦታው አሥር ሰከንድ ጠብቁ፣ ጆሯችሁን ስጡ። ውሃው ቀዳዳውን ለቅጽበት ሲደፍነው ድምፁ ይለወጣል። ካንዴላውንና የኤሌክትሪክ ገመዱን አታርጥቡ። በዚህ ፋንታ ቤንዚን የሚረጩ አሉ፤ በጋለ ማርሚታ አጠገብ ቤንዚን የረጨ ሰው ሞተሩንም ራሱንም ያቃጥላል፣ እባካችሁ ተዉት።

ጎማው በላዩ ላይ ብቻ ደቃቅ መስመሮች ካሉት ገና ነው። ስታጥፉት ውስጡ ያለው ጨርቅ ከታየ ይለወጥ። ብሎኖቹን ስታጠብቁ እየተፈራረቃችሁ ትንሽ በትንሹ፤ አንዱን ብቻ የጨረሰ ሰው ጠርዙን ያጣምመዋል።

7. ምላሶቹ

ጎማውን ካወጣችሁ ሪድ ቫልቩ ፊት ለፊታችሁ ነው። አውጥታችሁ ወደ ፀሐይ ያዙት። በምላሱና በመቀመጫው መካከል ብርሃን በጥቂቱ ቢያልፍ አያስደነግጥም፤ ከ0.5 ሚሊ ሜትር የበለጠ ክፍተት ወይም የተቆረጠ ጫፍ ካለ ይቀየር፣ የተቆረጠው ቁራጭም ሞተሩ ውስጥ አለመግባቱን አረጋግጡ። ምላስ የተበላሸበት ሞተር በካርቡራተሩ አፍ ቤንዚን ይተፋል፤ ፊልትሮው በቤንዚን ረጥቦ ካገኛችሁት ጠርሙሷን አትውቀሱ።

8. ሁሉም ንጹሕ ከሆነ

የቀረው የክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) "ኦይል ሲል" የሚባለው የጎማ ማሸጊያ ነው። በዳይናሞው በኩል ያለው ሲያልቅ ንጹሕ አየር ይስባል፣ ምልክቱም እስካሁን ከተናገርነው አይለይም። በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ከሆነ የማርሽ ዘይት ይስባል፤ ጭሱ ይነጣል፣ የማርሽ ዘይቱም ሳይፈስ ይጎድላል። ይህን ደጅ ላይ አትክፈቱት፤ መጎተቻ መሣሪያ ያለው መካኒክ ዘንድ ውሰዱት፣ እስከ አሁን ያረጋገጣችሁትንም ንገሩት፣ ገንዘብም ጊዜም ይተርፋችኋል።

መግጠምና መሞከር

ከገጠማችሁ በኋላ ሚኒሞውን እንደ አዲስ አስተካክሉ፤ ቀዳዳ እያለ የተስተካከለው ውሸት ነበር። የካርቡራተሩን የአየር ብሎን ቀስ ብላችሁ እስክትነካ ዝጉ፣ አታጥብቋት፣ ከዚያ አንድ ዙር ተኩል መልሱ፤ ለብዙ ሞተር ጥሩ መነሻ ነው፣ መመሪያ ደብተሩ ሌላ ካለ ግን እሱን ስሙ። ከዚያ ወደ ጎሃ ሽቅብ ውጡ፣ ተመልሳችሁም ወደ አዘዞ ባለው ሜዳ በመካከለኛ ነዳጅ ንዱት። ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ ሞተሩ ቢከብዳችሁና ካንዴላው ቢጠቁር አትደንግጡ፤ ስንጥቁ ሲደብቀው የነበረው የከፍታው ውጤት ነው። መፍትሔው አነስ ያለ ጂግለር ነው።

ጂግለር ያሳነሰ ሰው ግን ትልቁን አይጣለው። ወደ መተማ የምትወርዱ ከሆነ አይከል ላይ ቁሙ፣ ትልቁን መልሱ፣ ካንዴላውን አውጥታችሁ ቀለሙን እዩ፤ ከዚያ በታች ከ1,000 ሜትር ዝቅ ያለ አገር ይጠብቃችኋል። ቁልቁሉ ላይ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ ለረጅም ጊዜ አትንከባለሉ። የባለ ሁለት ምት ሞተር ቅባት ከነዳጁ ጋር ነው የሚመጣው፤ በየጥቂቱ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ነዳጅ ሰጥ አድርጉለት። ከደባርቅ በሊማሊሞ ለሚወርድም እንዲሁ ነው።

አዲስ ጎማ ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልሳልና ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ፋሸታዎቹን ሁሉ በካቻቢቴ እንደገና ያዝ አድርጉ፤ ሩብ ዙር ያህል ይገባሉ።